የፕሮጄስትሮን ሪሴፕተር ሞዱሌተር ምንድን ነው?

ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ያን ያህል አይከብድም። ከፕሮጄስትሮን እንጀምር።

ፕሮጄስትሮን በዋናነት እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ከእንቁልጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ለእርግዝና ያዘጋጃል። እርግዝና ከተፈጠረም ጸንቶ እንዲቆይ ያደርጋል። በማህፀን፣ በጡት፣ በእንቁልጢና በአንጎል ሴሎች ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን አለ፤ ሪሴፕተር ይባላል። ሆርሞኑ ሪሴፕተሩ ላይ ሲያርፍ ሴሉ ሥራውን ይጀምራል።

ሞዱሌተሮች የዚያን ሆርሞን ወንበር ቀድመው የሚይዙ መድኃኒቶች ናቸው። ወንበሩን ይይዛሉ እንጂ የባለቤቱን ሥራ አይሠሩም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ በከፊል ይሠሩታል። ውጤታቸው እንደ አካል ክፍሉ፣ እንደ መጠኑና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ይህን ካልያዝን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታብናል።

በሰፊው የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ታላቁ ሚፌፕሪስቶን ነው። በ1980 ሩሰል ኡክላፍ በተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ተሠራ፤ ሳይንቲስቱ ኤቲየን ኤሚል ቦሊው ስሙ ከዚህ መድኃኒት ጋር ተያይዞ ይነሳል። ፈረንሳይ በ1988 ፈቀደችው። ማህፀንን ከሚያኮማትረው ሚሶፕሮስቶል ከሚባል መድኃኒት ጋር ሆኖ እርግዝናን ለማቋረጥ ያገለግላል። ታናሹ ኡሊፕሪስታል አሲቴት ነው። በ2009 በአውሮፓ፣ በ2010 በአሜሪካ ለድንገተኛ የእርግዝና መከላከያነት ተፈቀደ።

ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። ይህ መደባለቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በፍርሃት የተነሳ ሰዓቱ የሚያመልጣት ሴት አለች። 30 ሚሊግራም ኡሊፕሪስታል የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጥም። የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው፤ እንቁላሉ እንዳይለቀቅ በማዘግየት።

እንዴት ነው የሚያዘገየው? እንቁላል ከመለቀቁ አንድ ቀን ተኩል ያህል በፊት ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤልኤች የሚባል ሆርሞን በድንገት ይጨምራል። በሰፊው የሚሸጠው ሌላው ድንገተኛ መከላከያ ሌቮኖርጌስትሬል የሚረዳው ይህ ጭማሪ ከመጀመሩ በፊት ከተወሰደ ነው። ጭማሪው ከጀመረ በኋላ ብዙም አያስቆምም። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ፣ ለማርገዝ ዕድሉ ከፍ የሚለውም እነዚያን ቀናት ነው። ኡሊፕሪስታል ብልጫ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው።

በ2010 የታተመ አንድ ጥናት እንቁላላቸው ሊለቀቅ የተቃረበ 34 ሴቶችን ተከታትሏል። ኤልኤች ሳይጨምር ክኒኑን በወሰዱት ሁሉ እንቁላሉ ቢያንስ ለ5 ቀን ሳይለቀቅ ቆየ። ጭማሪው ጀምሮ ጫፍ ሳይደርስ ከወሰዱት መካከል በ79 በመቶዎቹ ዘገየ። ጫፍ ከደረሰ በኋላ ግን በ8 በመቶ ብቻ። የወንዴ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ያ መዘግየት ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ክኒኑ ከግንኙነት በኋላ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሠራል ቢባልም፣ «ገና ጊዜ አለኝ» ማለት አያዋጣም። እንቁላሉ መቼ እንደሚለቀቅ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ቶሎ መውሰድ ነው። በተወሰደ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ደግሞ ሌላ ክኒን ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ ከሁሉም በላይ አስተማማኝ ድንገተኛ መከላከያ ክኒን ሳይሆን በባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኡሊፕሪስታልና የተለመዱት ሆርሞን ያለባቸው መከላከያዎች ለአንድ ሪሴፕተር ይሻማሉ። ክኒኑን ወስዳ በማግስቱ መደበኛውን የወሊድ መከላከያ የጀመረች ሴት የኡሊፕሪስታሉን ውጤት ልታዳክመው ትችላለች። 5 ቀን መጠበቅ አለባት፤ መከላከያው ሥራውን እስኪይዝ ድረስም ኮንዶም መጠቀም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ እንዲሁም የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪሬንዝም ኡሊፕሪስታልን ከሰውነት ቶሎ ያስወግዱታል። እነዚህን የሚወስዱ ሴቶች ይህን ለባለሙያው መናገር አለባቸው። ሉፑ እነሱን ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንለፍ። ማዮማ፣ ፋይብሮይድም ይባላል፣ በማህፀን ጡንቻ ላይ የሚያድግ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ብዙ ሴቶችን በከባድ የወር አበባ ደም ያሰቃያል፤ ከዚያ የደም ማነስ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ለኢስትሮጅን ብቻ ይሰጥ ነበር። ፕሮጄስትሮንም ዕጢውን እንደሚያሳድገው ሲታወቅ ሞዱሌተሮች ተፈለጉ። በ2012 የታተመ ጥናት 5 ሚሊግራም ኡሊፕሪስታል በየቀኑ ለ13 ሳምንት ሰጥቶ ነበር። ደሙ ልክ የያዘላቸው ሴቶች 91 በመቶ ሲሆኑ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን 19 በመቶ ብቻ ናቸው። ዕጢውም ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምና ለምትፈራ፣ ወይም ገና መውለድ ለምትፈልግ ሴት ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር።

ሕክምናው በማህፀን ሽፋን ላይ ለየት ያለ ለውጥ ያመጣል። ጉዳት የለውም፣ መድኃኒቱ ሲቆምም ይመለሳል። ግን ናሙና የሚመረምረው ሐኪም መድኃኒቱን ካላወቀ ከመጥፎ በሽታ ጋር ሊያምታታው ስለሚችል፣ ምርመራ የታዘዘላት ሴት አስቀድማ ትንገር።

ከባዱ ችግር የመጣው ከጉበት በኩል ነው። በየቀኑ የሚወሰደውን ኡሊፕሪስታል ከሚጠቀሙት መካከል ጥቂቶች ላይ ከባድ የጉበት ጉዳት ታየ፤ የጉበት ንቅለ ተከላ እስከማስፈለግ የደረሱም ነበሩ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2018 ጥብቅ የጉበት ምርመራ አዘዘ። በ2020 ደግሞ የማዮማ ሕክምናውን ገና የወር አበባ ላልቆመላቸውና ቀዶ ሕክምና ለማይሆናቸው ወይም ላልሠራላቸው ሴቶች ብቻ ወሰነው። ውሳኔው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ማዮማ ያሰቃያል እንጂ በአብዛኛው አይገድልም፣ ሌሎች አማራጮችም አሉት። የአንድ ጊዜዋን የድንገተኛ መከላከያ ክኒን በተመለከተ ግን ኤጀንሲው ለጉበት ያሰጋል የሚል ምልክት አላገኘም፤ ገደቡም እሷን አይመለከትም።