ኤተር፣ ክሎሮፎርምና መሐረቡ፦ ስለ መጀመሪያዎቹ የሰመመን መሣሪያዎች የሚወሩ ስህተቶች

ፊልም ላይ ሁሌም አንድ ነው። ወንበዴው መሐረቡን ክሎሮፎርም በሚባል የሚያስተኛ ፈሳሽ ከጠርሙስ ያርሰውና ከኋላ መጥቶ አፍንጫ ላይ ይጭነዋል፤ ሰውየው ሁለቴ ተፈራግጦ ዝልፍልፍ ይላል። ስለ ሰመመን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከዚህ አያልፍም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ክሎሮፎርም በሰከንድ ያስተኛል»

አያስተኛም። ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ያውም ሰውየው በደንብ እየሳበው፣ ጨርቁ ላይ እየተጨመረበት። ጨርቁ ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይነቃል።

«ኤተርን ያገኘው ሞርተን ነው»

ኤተር፣ ትነቱ ሲሳብ የሚያስተኛው ፈሳሽ፣ ከሞርተን 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ ይታወቃል። ለቀዶ ሕክምናም ቢሆን አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ክራውፎርድ ሎንግ የሚባል ሐኪም በ1842 ፎጣ ላይ አፍስሶ ተጠቅሞበታል፤ ግን እስከ 1849 ድረስ አላሳተመውም። የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ሐኪሞች ተሰብስበው እያዩ ለቀዶ ሕክምና የቀረበ በሽተኛን በኤተር አስተኛ። የዚያን ዕለት አርፍዶ ነው የደረሰው፤ መሣሪያ ሠሪው የኤተር ማሽተቻ ዕቃውን ገና እየጨረሰለት ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ጆን ዋረን ያለ እሱ ሊጀምር ሲል ገባ።

«መጀመሪያ ጨርቅ ነበር፣ መሣሪያ በኋላ መጣ»

የሎንግን ፎጣ ዓለም አላየውም፤ ዓለም ያየው የሞርተንን ዕቃ ነው። ክብ ብርጭቆ፣ ውስጡ ኤተር የጠጣ ስፖንጅ፣ በአንድ በኩል አየር መግቢያ፣ በሌላው በኩል አፍ ውስጥ የሚገባ ቧንቧ ከነቫልቩ፣ የወጣው ትንፋሽ ተመልሶ እንዳይገባ። ከሁለት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 21፣ ሮበርት ሊስተን ለንደን ላይ እግር ሲቆርጥ የተጠቀመው የመድኃኒት ቀማሚው ስኩዋየር የሠራውን መሣሪያ ነው። መሐረቡ የነገሠው ከዚያ በኋላ፣ በኖቬምበር 1847 ኤድንብራ ላይ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን ሲያስተዋውቅ ነው። ጥቂት ጠብታ ከበቃ ብርጭቆ ማን ይሸከማል?

«ስፖንጁን ኤተር ማጠጣት ብቻ ይበቃ ነበር»

መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ክንዳችሁ በአልኮል ሲጠረግ ያ ቦታ ቅዝዝ ይላል። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኤተር በ35 ዲግሪ ስለሚፈላ ከአልኮሉም ይብሳል። ስለዚህ በሽተኛው በተነፈሰ ቁጥር ስፖንጁ ይቀዘቅዛል፣ ትነቱም ይቀንሳል፤ ጀመር ሲያደርገው ብርቱ የነበረው ኤተር ሰውየው ሥጋው በሚቆረጥበት ሰዓት ይደክማል። አንዱ በሽተኛ እንቅልፍ ሲወስደው ሌላው የሚጮኸው ለዚህ ጭምር ነበር።

ይህን ቁጭ ብሎ ያሰላው የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ነው። በየሙቀቱ አየር ምን ያህል የኤተር ትነት እንደሚይዝ ለካ፤ ከዚያ በ1847 ኤተሩን ጠመዝማዛ መተላለፊያ ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ አድርጎ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ነከረው። ውሃው ሙቀቱን ያዝ ያደርግለታል። ቱቦውንም አሰፋው፤ የሌሎቹ ቱቦ ጠባብ ስለነበር በሽተኛው ከኤተሩ በፊት በትንፋሽ እጥረት ይጨነቅ ነበር። ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ዋና ሰው ከሞርተን ይልቅ እሱ ነው።

«ንግሥት ቪክቶሪያ ተኝታ ወለደች»

አልተኛችም። ኤፕሪል 7 ቀን 1853 ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ለ53 ደቂቃ ያህል ክሎሮፎርም አሽትተዋታል፣ ግን ራሷን ሳትስት። የሰጣት ራሱ ስኖው ነው፤ ያን ሁሉ መሣሪያ የሠራው ሰው ለንግሥቲቱ ይዞ የቀረበው የታጠፈ መሐረብ ነበር!

«ክሎሮፎርም ኤተርን የተካው አደጋ ስለሌለው ነው»

የተካው ሽታው ስለሚጥም፣ ቶሎ ስለሚሠራና እንደ ኤተር እሳት ስለማይይዝ ነው። ሲምፕሰን ካስተዋወቀው ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1848፣ ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍር ሊወጣላት ክሎሮፎርም አሽትተዋት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። መጠኑ ትንሽ ካለፈ ልብ ቀጥ ሊል ይችላል፣ ጨርቅ ደግሞ መጠን አይለካም።

የለንደኑ ሐኪም ጆሴፍ ክሎቨር በ1862 ትልቅ ከረጢት ይዞ የመጣው ለዚህ ነው። ተለክቶ የገባ ክሎሮፎርም በወናፍ ከተነፋ አየር ጋር ቀድሞ ይቀላቀላል፣ ከመቶ 4.5 ገደማ እንዲሆን። በሽተኛው ከረጢቱ ውስጥ ካለው የበረታ ሊስብ አይችልም። ክሎቨር ከረጢቱን ከጀርባው አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ጭምብሉን ይዞ፣ በሌላው የበሽተኛውን የደም ሥር ትርታ እያዳመጠ ይሠራ ነበር።