ሰርተፍኬት ስላለኝ ዳኛ ነኝ?

ኮምቦልቻ፣ ቡና ላይ፣ ወዳጄ ወረቀት ዘረጋልኝ። የውሃ ዋና ስፖርት ዳኝነት ሥልጠና ሰርተፍኬት ነው። «በቃ፣ ዳኛ ሆንኩ አይደል?» ገና ነው ወንድሜ።

ሰርተፍኬቱ «ተምሯል» ነው የሚለው። እውቅና ግን «መዳኘት ይችላል» የሚል ፈቃድ ነው። በብዙ አገር በሁለቱ መሃል ፈተና አለ፤ ልምድ ካለው ዳኛ ጎን ገንዳ ዳር ቆሞ መለማመድም አለ። ሕጉ ስለሚቀያየር እውቅናውም በየጊዜው ይታደሳል። በጎ ፈቃደኛ መሆን ክፍያን እንጂ ፈተናን አያስቀርም።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በሰዓት ያዥነት ነው። ቀላል ይመስላል። አንድ መስመር ላይ ሦስት ሰዓት ያዦች 31.42፣ 31.50 እና 31.61 ሰከንድ ቢይዙ የቱ ይጻፋል? ወዳጄ አማካይ ሊያሰላ ስልኩን አወጣ። አይደለም! መሃለኛው፣ 31.50 ነው። ሁለቱ እኩል ከያዙ ደግሞ እሱ ይጸድቃል። አማካይ የሚወሰደው ከሦስቱ ሰዓቶች ሁለቱ ብቻ ሲሠሩ ነው።

ቦርከና ወንዝ ውስጥ ስንንቦጫረቅ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ዋናተኞች ግድግዳው ጋ ደርሰው ሲታጠፉ የሚያየው የመታጠፊያ ዳኛ ሥራ ይከብዳል። በደረት ቀዘፋና በቢራቢሮ የዋና ስልቶች ሁለቱም እጆች ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መንካት አለባቸው። አንዱ እጅ ቀድሞ መንካቱን በዓይኑ ካላየ ጥፋት ብሎ አይመዘግብም። ጥርጣሬ ካለ ለዋናተኛው ነው።