«ላንድሮቨር አይዝግም» እና ሌሎች ግቢዬ ውስጥ የሰማኋቸው ስህተቶች

ግቢዬ ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አለ። በፈረንጆች 1974 የተሠራ፣ «ሲሪስ 3» የሚባለው፣ አጭሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታዬን ለብሼ ሥሩ ስገባ ጎረቤትም ዘመድም ጎራ ይልና ምክሩን ጥሎልኝ ይሄዳል። ግማሹ ጠቅሞኛል። ሌላውን ግማሽ ሰምቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

«ማግኔት ካልያዘ ስቱኮ ነው»

መጀመሪያ የመጣው የእህቴ ባል ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ማግኔት ከኪሱ አይጠፋም። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላበት ለጥፍ) አለ ማለት ነው። ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ላይ አስጠጋው፤ ወደቀ። ኮፈኑ ላይ፤ ወደቀ። በሩ መሃል ላይ፤ አሁንም ወደቀ። «አይ አንተ፣ ተሸውደሃል! ሙሉ ስቱኮ ነው የገዛኸው» አለኝ።

ዘዴው ለሌላ መኪና ይሠራል። የዚህ መኪና ላሜራ ግን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አሉሚኒየምን አይዝም። እዚህ ስቱኮ የሚፈለገው በጣት አንኳኩቶ ነው። ባዶ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ስቱኮ ያለበት ድፍን ይላል። ከዚያ እጅን ከፓራፋንጎው ሥር አስገብቶ መዳሰስ ነው። ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ጎድጓዳ ከሆነ መልሱ ተገኘ።

ማግኔቱን ግን አልጣልኩትም። መኪናውን ሙሉ በሙሉ በሱ ዳሰስኩትና በያዘበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። የበሩ ዙሪያ፣ የራዲያተሩ ፊት፣ ሻንሲው (አካሉ የሚያርፍበት አጽም)፣ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ግድግዳ፣ የኋላው አካል የላይ ጠርዝ፤ እነዚህ ብረት ናቸው። ያ የጠመኔ ምልክት ከዚያ በኋላ ለሠራሁት ሥራ ሁሉ ካርታ ሆነልኝ።

«አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም»

ይህን የማይል የለም። እኔም እል ነበር።

አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ እውነት ነው። ግን ይበላል። በተለይ ከብረት ጋር ተጣብቆ መካከላቸው ውሃ ሲገባ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚህ ትንሽ ባትሪ ውስጥ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ጭቃ ወይም ጨው ካለበት ይብሳል።

የግራውን በር ስፈታ ያየሁት ይኸው ነው። የበሩ ውስጣዊ ፍሬም ብረት ነው፤ የውጩ ልባስ አሉሚኒየም፣ ጠርዙ በፍሬሙ ላይ የታጠፈ። ከታች በኩል ቀለሙ እንደ ብጉር አብጦ ነበር። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ነጭ ዱቄት ረገፈ። ልጄ «አባዬ፣ ዱቄት ወተት ነው እንዴ?» አለችኝ። ዱቄቱ ሲያልቅ ቀዳዳው ቀረ። ከሱ ጀርባ ደግሞ የብረቱ ፍሬም በተራው ዝጎ እንደ ቅጠል ተደራርቧል።

ስለዚህ ላሜራውን ብቻ አሳምሮ መቀባት ትርጉም የለውም። ሁለቱ የሚነካኩበትን ቦታ መለየት ያስፈልጋል። ብረቱን እስኪጠራ ፍቆ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት፤ መሃላቸው ማሸጊያ ማስቲሽ ወይም ስስ ጎማ ማድረግ። ሪቬት (ላሜራ ማያያዣ ምስማር) ሲሆን የአሉሚኒየም፣ ቡሎን ሲሆን ዚንክ የተለበጠ፣ ሥሩ የፕላስቲክ ሮንደላ ያለው። የበሩ የታች ጠርዝ ላይ ያለችው የውሃ ማስወጫ ቀዳዳም ትከፈት። የኔን አንድ ደግ ሰው በስቱኮ ደፍኖልኛል።

«አሉሚኒየም የተመረጠው ለቅንጦት ነው»

አይደለም፤ ችግር ነው ያስመረጠው። ላንድሮቨር በፈረንጆች 1948 አምስተርዳም ላይ ሲታይ እንግሊዝ ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አላገገመችም። ብረት በራሽን ነበር። አሉሚኒየም ግን ይገኝ ነበር፤ ስለዚህ ቢርማብራይት የሚባል የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ቅይጥ ለአካሉ ዋለ። ጭነት የሚሸከመው ሻንሲ ብረት ሆነ። ቅርጹ ቀጥ ቀጥ ያለውም ውድ የላሜራ መቅረጫ ማሽን ሳያስፈልግ በቀላሉ እንዲታጠፍ ነው። ለኛ ለግቢ ሠራተኞች ይህ በረከት ነው፤ ጠፍጣፋ ላሜራ ቆርጦ ማጠፍ እንችላለን። የዘመኑን መኪና ፓራፋንጎ ግቢ ውስጥ ልሥራ የሚል ካለ እሱ ሌላ ሰው ነው።

«ጎድጓዳውን በመዶሻ መታ መታ ነው»

ይህን ያለኝ እኔው ራሴ ነኝ። መዶሻ አለኝ፣ ጉልበት አለኝ፣ ምን ይከብዳል አልኩ። የቀኙን ፓራፋንጎ ግማሽ ቀን ቀጠቀጥኩት። ጎድጓዳው ወጣ፤ በምትኩ መሃሉ እንደ ጣሳ ክዳን «ጧ ጧ» የሚል ሆነ። ስጫነው ይገባል፣ ስለቀው ይወጣል።

አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ (የመኪና አካል ቀጥቃጭ) አየውና ሳቀ። «ልጄ፣ አስረዘምከው እኮ» አለኝ። ላሜራ በመዶሻና በብረት መደገፊያ መካከል ሲመታ ይሳሳል፤ የሳሳው ደግሞ ይሰፋል። የሰፋ ላሜራ ቦታ ሲያጣ ያብጣል። በዚያ ላይ ይህ ቅይጥ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሲበዛበት ይሰነጠቃል።

ሽማግሌው ያሳዩኝ ይህን ነው። ቀለሙን አስለቀቁ። የልብስ ሳሙና ወስደው ደረቁን ላሜራ ላይ አሹት፣ ነጭ መስመር መስመር እስኪሆን። ከዚያ የጋዝ ነበልባሉን ለስለስ አድርገው፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ፣ ከወዲያ ወዲህ አመላለሱት። ሳሙናው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ሊጠቁር ሲል እሳቱን አነሱ። «እዚህ ጋ ታቆማለህ» አሉ።

ሳሙናው ለምን? አሉሚኒየም ሲግል እንደ ብረት አይቀላም። ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት ይቀልጥና ቀዳዳ ይተውልሃል፤ 600 ዲግሪን ብዙም ሳያልፍ። የሚለሰልሰው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ 350 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሳሙናው መጥቆር ቴርሞሜትር ሆኖ ያገለግላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ላሜራው ቆዳ ይመስል ታዘዘ። የሽማግሌው መዶሻ የእንጨት ነበር፤ መደገፊያው አሸዋ የሞላ የቆዳ ከረጢት። የኔ የብረት መዶሻ አሁን ምስማር ይመታል።

«ማንኛውም በያጅ ይበይደዋል»

አይበይደውም። የአሉሚኒየም የላይ ሽፋን (አየር ሲነካው የሚፈጠረው ስስ ቅርፊት) ወደ 2,000 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ሥሩ ያለው ግን ቀድሞ ፈሶ ያልቃል። የአርገን ጋዝና ተስማሚ ማሽን ያለው፣ እጁም የለመደ ሰው ይፈለግ። ካልተገኘ ቁራጭ ላሜራ በሪቬት መለጠፍ ይሻላል። ፋብሪካውም ብዙውን ያያያዘው በሪቬትና በቡሎን ነው።

«ስቱኮ ነውር ነው»

ስስ ከሆነ አይደለም። ከተቀጠቀጠ ላሜራ ላይ የቀረችውን ትንሽ ሞገድ ለማስተካከል፣ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር፣ ምንም አይልም። ነውሩ ቀዳዳ መድፈን ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ ከጀርባው የገባ ውሃ እዚያው ተቀምጦ ይበላል። ጋዜጣ ተጠቅጥቆ በላዩ ስቱኮ የተለሰነበት ፓራፋንጎ አይቻለሁ። ጋዜጣው አሁንም ይነበባል።

«ሻንሲውን የተቃጠለ ዘይት ቀባው»

አሮጌ ምክር ነው። ዘይቱ ለጥቂት ወራት ውሃ ያርቃል፤ ታጥቦ ወደ አፈሩ ይወርዳል፣ ጎማ ነክ ነገሮችን ያበላሻል፣ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። ለቆዳም ጥሩ አይደለም። ዋናው ግን፣ የዚህ መኪና ሻንሲ ባዶ ሳጥን ነው፤ የሚዝገው ከውስጥ ነው። ከውጭ ያማረ ሻንሲ በትንሽ መዶሻ ሲነካ «ድፍ» ካለ አልቋል፤ «ቅጭል» ካለ ደህና ነው። መጀመሪያ የሻንሲውን የኋላ መስቀለኛ ብረት መሞከር ነው።

«ወተት ጠጣበት»

ብየዳ ወይም ስፕሬይ ከተሠራ በኋላ ወተት የማያዝልህ የለም። ወተት ጥሩ ምግብ ነው። ግን ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው፣ ወተቱ የሚገባው ሆድ። አይገናኙም።

የኋላው አካል የላይ ጠርዝ እንደ ቤት ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ይህን ሳይፍቁ የበየደ ሰው ማታ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ግማሽ ሊትር ወተት ጠጥቼ። ዚንኩን ፍቆ፣ ንፋስ ባለበት ደጅ፣ በትክክለኛ ጭምብል ነው የሚሠራው። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፋቅም አደጋ ነው፤ የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ፣ ሕፃናትን አርቆ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት የስፕሬይ ቀለም ደግሞ ለዕድሜ ልክ አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ የጨርቅ ማስክ አይመልሰውም። እኔ በብሩሽ ተራ ቀለም ቀባሁ። የብሩሹ መስመር ይታያል። ይታይ።

«በሩ ካልገጠመ በሩን አስተካክለው»

ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ በሩ አይደለም። ማጠፊያው የታሰረው የጋቢናው የብረት ግድግዳ ላይ ነው፤ ግድግዳው ትንሽ ከዘመመ በሩ ይናገራል። የዚሁን ግድግዳ የበሰበሰ የእግር ማሳረፊያ ከመቁረጥ በፊት የበሩን ክፍተት ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለክቶ መጻፍ፣ ከዚያ በማዕዘን ብረት ወጥሮ ማሰር ያስፈልጋል። እኔ ለክቼ ጻፍኩ። ማሰሩን ግን «ለአንድ ቀን ሥራ ምን ያደርጋል» ብዬ ተውኩት። ብየዳው ሲቀዘቅዝ የላይኛው ክፍተት በ9 ሚሊሜትር ጠቦ አገኘሁት።

አሁን የግራውን በር ለመዝጋት በጉልበት ትንሽ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። የእህቴ ባል ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚሳካለት።