የናይቲንጌል ሜዳሊያ ለነርስ ብቻ ነው?

ደሴ ላይ ክረምቱ ሲከብድ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰፈር ናዳ ይፈራል። አፈሩ ሲደረመስ ቀድሞ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰፈሩ ልጅ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ውጦት፣ የሚደማ እግር በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ቃሬዛ ይሸከማል። ይሄ ልጅ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለሚሰጠው የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሜዳሊያ ሊታጭ ይችላል? "እሱ እኮ የነርሶች ነው" የሚል አይጠፋም።

የነርሶች ብቻ አይደለም። በቀይ መስቀል ወይም በቀይ ጨረቃ ሥር ሆነው ቁስለኛና ሕመምተኛ የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችም ይታጫሉ። ደንቡ የሚያየው በጦርነት ወይም በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች የታየን ልዩ ድፍረትና ትጋት ነው። በሕዝብ ጤና ወይም በነርስ ትምህርት ፈር የቀደደ ሥራም ያሳጫል።

በግል ማመልከት ግን የለም። ዕጩ የሚያቀርበው ብሔራዊው ማኅበር ነው፤ እኛ ጋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማለት ነው። ሽልማቱ በየ2 ዓመቱ ይሰጣል፤ ለመላው ዓለም በአንድ ዙር ከ50 አይበልጥም። ፉክክሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ማን የት ምን እንዳደረገ ሳይረሳ፣ እዚያው በሰሞኑ በጽሑፍ ቢያዝ እላለሁ።

በሥራ ላይ ሳለ ሕይወቱ ላለፈም ይሰጣል። ይህን ቤተሰቦች ቢያውቁት ደስ ይለኛል።