በፈረንሳይ ገጠር ጭር ያሉ የብስክሌት መንገዶች

ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎሜትር በላይ መንገድ አለ። የፍጥነት መንገዶቹና ብሔራዊ አውራ ጎዳናዎቹ ተደምረው ከዚህ ሁለት በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛሉ፤ መኪናው የሚጋፋው ግን በእነዚሁ ላይ ነው። የቀረው ዴፓርትማን በሚባሉ 101 የአስተዳደር ክፍሎችና ኮሚዩን በሚባሉ 35 ሺህ ገደማ የመንደርና የከተማ አስተዳደሮች ሥር የሚተዳደር ነው፤ አብዛኛውም ቀጭን አስፋልት ነው። በገጠር በኩል ብዙው ከትራክተር፣ ከፖስታ ቤቱ ቢጫ መኪናና ከጥቂት የመንደር ሰው በቀር የሚያልፍበት የለም። በብስክሌት አገር ለማየት ለሚሻ ሰው በአውሮፓ ከዚህ የተሻለ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህ ጸጥታ ለብስክሌት ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1836 የወጣ ሕግ ኮሚዩኖች መንደርን ከመንደር የሚያገናኙ መንገዶችን እንዲጠግኑ ግዴታ ጣለባቸው። ገንዘብ ያጠረው ኮሚዩን ነዋሪው በዓመት እስከ ሦስት ቀን በጉልበቱ፣ በጋሪውና በከብቱ እንዲያገለግል ማዘዝ ይችል ነበር። ጊዜው የገጠሩ ሕዝብ እጅግ የበዛበት ስለነበር መንገዱ እያንዳንዱን ጎጥ፣ ወፍጮ ቤትና ገበያ እያዳረሰ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ጎረፈ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የየመንደሩን ወጣት አጨደው። በአገሪቱ መካከል የሚገኘው የክሮዝ ዴፓርትማን በ1851 ከ287 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬ ያለው 115 ሺህ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት 144 ሺህ ሰው ይኖርበት የነበረው ሎዜር ዛሬ 76 ሺህ ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ በአንድ ካሬ ኪሎሜትር 15 ሰው ማለት ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ከሜዝ ተነሥቶ እስከ ደቡብ ምዕራቡ ላንድ የሚዘልቀውን ይህን ሰው የሳሳበት ሰፊ ቀበቶ ፈረንሳዮች «የባዶነት ሰያፍ» ይሉታል።

ሰዉ ሄደ እንጂ መንገዱ አልፈረሰም። የወተት መኪናና የተማሪዎች አውቶቡስ ስለሚሄድበት ዴፓርትማኑ ዛሬም አስፋልቱን ያድሳል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሠሩት የፍጥነት መንገዶችም ሩቅ የሚሄደውን መኪና ከመንደሮቹ ነጥቀው ወሰዱት። ስለዚህ ብስክሌተኛው የሚነዳው ለብዙ ሕዝብ ተዘርግቶ ለጥቂት ሰው በቀረ መንገድ ላይ ነው።

መንገዱን ማግኘት ካርታ ማንበብን ይጠይቃል። የጎማ ኩባንያው ሚሽለን በሚያሳትመው ካርታ ቀዩ ዋና መንገድ ነው፤ ቢጫው መካከለኛ፣ ነጩ ደግሞ ትንሹ። የሚፈለገው ነጩ ነው። ከመንገዱ ጎን አረንጓዴ መስመር ከተሰመረ እይታው ያማረ ነው ማለት ነው። የቀስት ጫፍ የመሰሉት ምልክቶች ዳገት ያመለክታሉ፤ አንዱ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለቱ እስከ 13 በመቶ፣ ሦስቱ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሦስት ቀስት ያየ ሰው ማርሹን ቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል። መሬት ላይ ደግሞ አናቱ ቢጫ የሆነ ነጭ የኪሎሜትር ድንጋይ የዴፓርትማን መንገድ ላይ መሆንን ይናገራል። ሆኖም ነጭ ሁሉ ጭር ያለ አይደለም። በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ያሉት ነጫጭ መንገዶች ጠዋትና ማታ ወደ ሥራ የሚጣደፉ ሰዎች አቋራጭ ናቸው። የስልክ መተግበሪያዎችም ቢሆኑ ጸጥታ ፍለጋ አንዳንድ ጊዜ አስፋልቱን ጨርሰው የእርሻ ኮረኮንች ላይ ይጥላሉ።

የአካባቢው ምርጫ እንደ ጉልበት ነው። ሜዳ የሚወድ ወደ ሎዋር ሸለቆ ይሂድ። በደቡብ ምዕራብ ያለው ዤር ኮረብታማ ነው፤ ረጅም ዳገት የለውም፣ አጫጭሩ ግን አያልቅም፤ የሱፍ አበባው ማሳ ባይኖር ኖሮ ያሰለቻል እል ነበር። እኔ የማስቀድመው ማሲፍ ሳንትራል የተባለውን መካከለኛውን ደጋ ነው። ኦብራክ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር የሚዘል የባዛልት አምባ ነው፤ ዓይናቸው የተኳለ የሚመስል ቡናማ ላሞች የሚሰማሩበት፣ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ ግጦሽ። ከእርሱ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ኮስ ሜዣን የኖራ ድንጋይ አምባ ሲሆን፣ ታርንና ዦንት የተባሉት ወንዞች በሁለት ወገን በጥልቅ ገደል ከበውታል። በነሐሴ የታርን ገደል ግርጌ መንገድ በካምፕ መኪና ይጨናነቃል፤ አምባው ላይ የወጣ ሰው ግን በዚያው ሰዓት የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ከኦብራክ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ካንታል የሚገኘው ፓ ደ ፔሮል የተባለ የተራራ መተላለፊያ 1,589 ሜትር ከፍታ አለው። የ2016ቱ ቱር ደ ፍራንስ በዚህ አልፏል፤ ጽጋቡ ግርማይ የውድድሩ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነውም በዚያው ዓመት ነበር። በአልፕስ ዳር ባለው ተራራማው ቨርኮር ውስጥ ደግሞ በ1898 የተጠናቀቀው የኮምብ ላቫል መንገድ አለ። እንጨት ከደን ለማውረድ ሲባል ከቀጥ ያለ ገደል ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ድንጋይ ሲናድ ስለሚዘጋ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምልክት የተተከለላቸው የብስክሌት መስመሮችም አሉ። ከእነርሱ ስመ ጥሩው የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ 900 ኪሎሜትር ያህል የሚሄደው ነው። ከሮስኮፍ እስከ እስፔን ድንበር የአትላንቲክን ዳርቻ ይዞ የሚወርድ ሌላም አለ። በቡርጎኝ ዢቭሪንና ክሉኒን የሚያገናኘው በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ መንገድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለብዙዎቹ አርአያ ሆኗል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ እነዚህ ይመቻሉ። ሆኖም ሐዲዱ ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ውጭ፣ በዛፍ መካከል ስለሚያልፍ አገሩን ሳያሳዩ ያሻግራሉ።

በትንንሽ መንገዶች የመጓዝ ባህሉን በማስፋፋት በኩል ቬሎሲዮ በሚል ስም የታወቀው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930) ቀዳሚ ስፍራ አለው። በሳንቴቲየን ከተማ ይኖር የነበረው ይህ ሰው በ1887 የብስክሌት መጽሔት አቋቋመ፤ ማርሽ መለዋወጥ ለተራው ተጓዥ እንደሚበጅ አጥብቆ ተከራከረ። የውድድሩ ዓለም አሾፈበት፤ ቱር ደ ፍራንስ የማርሽ መቀያየሪያን የፈቀደው እርሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነው። ሳትራብ ብላ፣ ሳትጠማ ጠጣ፣ ለታይታ አትንዳ የሚሉት ምክሮቹ እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ልማዱ ዛሬ የራሱ ጨዋታዎች አሉት። በአገሪቱ ዳር ያሉ ስድስት ከተሞችን፣ ብሬስትን፣ ዳንከርክን፣ ስትራስቡርግን፣ ማንቶንን፣ ፐርፒኛንንና አንዳይን፣ በተወሰነ ሰዓት የሚያገናኙ ዘጠኝ ሰያፍ ጉዞዎች አሉ። በ1972 የተመሠረተው የመቶ ኮረብታ በሮች ክለብ ደግሞ አባል የሚያደርገው መቶ የተለያዩ የተራራ መተላለፊያዎችን የወጣ ሰው ነው፤ ከመቶው ቢያንስ አምስቱ ከ2,000 ሜትር በላይ መሆን አለባቸው።

ለጉዞው የሚከብደው ከዳገቱ ይልቅ ምግቡ ነው። የመንደር ሱቅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋል፤ ሰኞ ጨርሶ የማይከፍትም ብዙ ነው። ዳቦ በጠዋት ይያዝ። ውኃ ለጠማው መቃብር ስፍራዎች ቧንቧ አላቸው፤ አበባ ለማጠጣት የተተከለ ነውና «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩ መታየት አለበት። በሕጉ መሠረት መኪና ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን ሲቀድም አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ ገጠሬው ሹፌር በአብዛኛው ያከብረዋል። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ላይ ግን ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ስለሆነ፣ ከትንሽ ጎዳና ብቅ የሚለው ትራክተር መብቱ ነው። በበጋ አስፋልት ሲታደስ የሚበተነው ልቅ ጠጠር ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፤ በመከር አጥሮች ሲከረከሙ የሚረግፈው እሾህ ደግሞ ጎማ ይበሳል። ትርፍ ካላማደሪያ ሁለት ይያዝ።

ለአብዛኛው አገር ተስማሚዎቹ ወራት ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ናቸው። የሮን ሸለቆ ሚስትራል የተባለ የሰሜን ነፋስ ስላለው ከሰሜን ወደ ደቡብ መንዳት ብልህነት ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት የአደን ወቅት ስለሆነ በጫካ ዳር ደማቅ ልብስ ያስፈልጋል። በአልፕስና በፒሬኔ ከ2,000 ሜትር በላይ ያሉት መተላለፊያዎች እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ አንዳንዶቹም እስከ ሰኔ በበረዶ ተዘግተው ይቆያሉ፤ ክፍት ወይም ዝግ መሆናቸው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።