ማሞ ውድነህ፦ ሰላዮችን አማርኛ ያስተማሩት የወሎ ልጅ

ደራሲና ጋዜጠኛ ማሞ ውድነህ በ1923 ዓ.ም. አምደ ወርቅ ተወለዱ። አምደ ወርቅ ዛሬ በዋግ ኽምራ ዞን የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። ሰቆጣ ላይ ብትጠይቁ «የዋግ ልጅ ነው» ይሏችኋል። ደሴ ላይ ብትጠይቁ ደግሞ «የኛው የወሎ ልጅ» ይባላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እሳቸው መጻፍ በጀመሩበት ዘመን ዋግ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ይህን የምጽፈው ደሴ ቁጭ ብዬ ስለሆነ ትንሽ ባዳላ አይፈረድብኝም።

ገና የ5 ዓመት ልጅ ሳሉ ጣሊያን መጣ። ወሎ የዚያን ጦርነት አውሮፕላን በደንብ ያውቀዋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። በመትረየስ ወደ አውሮፕላን ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው የታወቀ ፎቶ የዚያ ጊዜ ነው። በዋግ በኩል ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ወራሪውን ሲዋጉ ቆይተው በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ተገደሉ። ማሞም በዚህ ወረራ ወላጆቻቸውን አጥተው የሙት ልጅ ሆነው አደጉ። የአውሮፕላን ቦምብ ነው የጨረሰባቸው ይባላል።

በጋዜጠኝነት የሠሩት በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያሳለፉት ኤርትራ ነው።

ስማቸውን በየቤቱ ያስገባው ግን የስለላ መጽሐፍ ነው። ከ50 በላይ መጻሕፍት ያሏቸው ሰው ናቸው፤ ሆኖም በእኛ ሰፈር «የማሞ ውድነህ መጽሐፍ» ከተባለ ሰላይ ያለበት መጽሐፍ ማለት ነበር። ደሴ ፒያሳ እንደ አቅሚቲ መጽሐፍ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዶ፣ ጠርዙ በስፌት ክር ተጠብቆ ይመጣል። ለአንድ ቀን ነው የሚሰጡህ። ስለዚህ ሌሊቱን በኩራዝ ታነባለህ፤ ጠዋት አፍንጫህ በጥላሸት ጠቁሮ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ። እኔ ዕድሌ ሆኖ የደረሰኝ ቅጂ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ነበር። ሰላዩ ይያዝ አይያዝ የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱም በነጻ አልነገረኝም፣ አንድ ሻይ በዳቦ አስከፍሎኝ ነው።

ያ ሰላይ ኤሊ ኮኸን ነበር። እስክንድርያ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ከአርጀንቲና የተመለሰ ሶርያዊ ነጋዴ መስሎ፣ ካሜል አሚን ሳቤት በሚል ስም፣ ደማስቆ ገባ። ጊዜው በእኛ 1954 ዓ.ም. ነው። ግብዣ ያዘጋጃል፣ ባለሥልጣን ያጠጣል፣ የሰማውን ደግሞ በመኖሪያ ቤቱ በደበቀው ራዲዮ ወደ እስራኤል ይልካል። የተያዘውም በዚያው ራዲዮ ነው። ሶርያዎች ከሶቭየት ኅብረት ባገኙት የሞገድ መፈለጊያ መሣሪያ ስርጭቱ ከየት ሕንጻ እንደሚነሳ ደረሱበትና ጥር 1957 ዓ.ም. መልእክት እየላከ እያለ በሩን ሰብረው ገቡ። ግንቦት 10 ቀን 1957 ዓ.ም. ደማስቆ አደባባይ ላይ ተሰቀለ።

ማሞ ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ ሲያመጡ ሥራቸው ከቃል ወደ ቃል መመለስ ብቻ አልነበረም። መብራት ያልገባበት አገር ላለ አንባቢ የሞርስ ምልክት ምን እንደሆነ፣ በአየር ላይ የሚሄድ ድምፅ እንዴት ተከትለው እንደሚይዙት ማስረዳት ነበረባቸው። ዛሬ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ የምንለው ሰው የሚሠራውን ሥራ በልብ ወለድ ጉልበት ሠሩት ብል አላጋነንኩም። ከሌላ ዓለም ይመጣሉ ስለሚባሉት በራሪ ዲስኮችም ጽፈዋል። እዚያ ላይ አንዳንዱ «ጋሽ ማሞ አሁንስ አበዙት» ማለቱ አልቀረም፤ እኔ ግን ልጅ ሆኜ ሰማይ ሰማይ ሳይ ከረምኩ።

«ደራሲ ናቸው ወይስ ተርጓሚ?» የሚለው ክርክር እስካሁን አለ። አንዳንድ ሃያሲ በተርጓሚነታቸው ብቻ ያልፋቸዋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። «ዲግሪ ያሳበደው» የራሳቸው ልብ ወለድ ነው፤ «አሉላ አባ ነጋ» ደግሞ የራሳቸው ተውኔት። በሌላ በኩል ከውጭ የመጡት ሥራዎች ላይ ዋናው ደራሲ የት አቁሞ ማሞ ከየት እንደ ቀጠሉ መለየት አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

የስለላ መጽሐፍ ለምን በደርግ ዘመን እንደዚያ እንደ ገነነ ብዙ ይባላል። ወረቀቱም ሳንሱሩም በመንግሥት እጅ ነበር። ስለ አገር ቤት መጻፍ ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ በዓሉ ግርማ ስለ አስመራ ዘመቻ ከጻፈ በኋላ በ1976 ዓ.ም. የገባበት አልታወቀም። የደማስቆ ሰላይ ግን ማንንም አያስቆጣም። አንባቢው ደግሞ ሞኝ አልነበረም። ጆሮ ጠቢ በየቀበሌው ባለበት ዘመን፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው ታሪክ ሩቅ አገር የሆነ ብቻ አልመሰለውም። ማሞ ይህን አስበውበት ነው? ምናልባት።

በኋላ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት በኋላ ደግሞ ከሃይማኖት አባቶችና ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ደክመዋል። ለዚህ ከእሳቸው የተሻለ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። አስመራን ኖረውባታል፣ ጦርነትንም በልጅነታቸው ያውቁታል። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲቀመጥ ቶሎ አይነሳም፤ እሳቸውም ዓመታት ቆዩበት። የአልጀርሱ ስምምነት በ1993 ዓ.ም. ቢፈረምም ድንበሩ እንደ ተዘጋ ቀረ።

ማሞ ውድነህ በ2004 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው አረፉ። ከአዲስ አበባ አስመራ በቀጥታ ስልክ እንደገና መደወል የተቻለው ከ6 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው።