«አዲስ እትም» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አየሁት። አንድ ሰው ትዋይላይት ኢምፔሪየም የተባለውን ቦርድ ጌም፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ የማስፋፊያ ሳጥን ፎቶ ለጥፎ «የታዋቂው የጠፈር ጨዋታ አዲስ እትም» ብሎ ጽፎበታል። ሌላው ደግሞ «እንግዲህ አሮጌውን ጣሉት» ብሎ መከረ። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት ስህተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። «እትም» የሚለው ቃል እንጀራዬ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጠባሴ አንድ ጓደኛችን ቤት አምስት ሆነን ይህንኑ ጨዋታ እንጫወታለን። ጀምረን እስክንጨርስ ይመሻል። ቃሉ ሲበላሽ በሁለቱም በኩል ያመኛል።

የሚምታቱት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ድጋሚ ሕትመት፣ ማስፋፊያ እና እትም። መንዝ ላደገ ሰው በበርኖስ ብነግረው ቶሎ ይገባዋል።

አንድ ሸማኔ በርኖስ ሠራ እንበል። ሰው ወደደውና በዚያው ልክ፣ በዚያው ስፌት ሌላ ሠራ። ይህ ድጋሚ ሕትመት ነው። ቁጥሩ በዛ እንጂ ልብሱ አልተለወጠም። ብርዱ ሲጠና ባለቤቱ ከውስጥ ገበር አሰፋበት። ይህ ማስፋፊያ ነው። ገበር ብቻውን አይለበስም፤ በርኖሱ ከሌለህ ምንም አያደርግልህም። ከዓመታት በኋላ ሸማኔው ልኩን እንደ አዲስ አወጣ። አንገቱን አሰፋው፣ ትከሻውን ለወጠው፣ ርዝመቱን ቀነሰው። እትም የሚባለው ይህ ነው። የአሮጌው ገበር ለአዲሱ አይሆንም፤ ልኩ ሌላ ነውና።

ችግሩ ከእኛው ከመጽሐፍ ቤት ነው የመጣው። ሽፋኑ ብቻ ተቀይሮ «ሦስተኛ እትም» የተባለ ስንት መጽሐፍ በእጄ አልፏል! ውስጡ ፊደል አልተነካም። ጥንት ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ ገጽ በሚደረደርበት ዘመን ጉዳዩ ግልጽ ነበር። ከአንድ ልቅም የታተመው ሁሉ አንድ እትም ነው፤ ፊደሉ እንደገና ከተለቀመ ሌላ እትም ነው። አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ድንበሩ ሳስቷል። የፊደል ግድፈት ማረምም አዲስ እትም አያሰኝም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ልብ ወለድ ላይ «እና» በ«ወይም» ቢሳሳት አንባቢው ያልፈዋል። የጨዋታ ካርድ ላይ ግን ያቺ አንዲት ቃል ሕግ ትለውጣለች። ስለዚህ በቦርድ ጌም እርማት ከመጽሐፍ ይልቅ ይከብዳል። ቢሆንም እርማት እርማት ነው።

«እትም ማለት እንደ ስልክ አፕዴት ነው፤ የድሮውን ስህተት አርሞ ይተካዋል» ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። አይደለም! ስልክህን አፕዴት ስታደርገው የድሮው ይጠፋል። አሮጌው እትም ግን ቁም ሳጥንህ ውስጥ አለ። ሕጉ አለ፣ ካርዱ አለ፣ መርከቦቹ አሉ። ማንም መጥቶ አይወስድብህም። ነገ አውጥተህ ትጫወተዋለህ።

ወደ ጨዋታው እንምጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ሳጥኑ ላይ 1997 የሚለውን አይቶ በእኛ አቆጣጠር የሚያሰላ ሰው ገጥሞኛል። የጨዋታው ፈጣሪ ክርስቲያን ፒተርሰን የመጀመሪያውን እትም ያወጣው በ1997 ነው። ሁለተኛው በ2000 ወጣ፤ ከዚያ ሦስተኛው መጣ። አራተኛው የ2017 ነው።

ሦስተኛው እትም ሳጥን ውስጥ 10 ወገኖች፣ ማለትም ተጫዋቾች እየመረጡ የሚመሯቸው ሕዝቦች፣ ነበሩ። በ2006 የወጣው ማስፋፊያ 4 ጨመረ፤ የ2011ዱ ደግሞ 3። አራተኛው እትም 17ቱንም ከመጀመሪያው በአንድ ሳጥን ይዞ መጣ። ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ አራተኛው ማለት ሦስተኛው ከነማስፋፊያው ነው» ቢል አልፈርድበትም። ግን ቁጥሩን ትቶ ሕጉን ይይ።

ኢምፔሪያል የተባለውን ስትራቴጂ ካርድ እንውሰድ፤ ስትራቴጂ ካርድ ማለት ተጫዋቾች በየዙሩ እየመረጡ የሚያነሱት ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ካርድ ነው። በሦስተኛው እትም ካርዱን የመረጠ ሰው ምንም ሳይሠራ 2 ነጥብ ያገኛል። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 10 ነጥብ ነው። ታዲያ ማን ይተወዋል? ተራ የደረሰው ሁሉ እሱን ያነሳል። አንተ ዛሬ፣ እኔ ነገ፣ እየተባለ ጨዋታው እንደ ዕቁብ ይዞራል። አሳታሚው ራሱ በ2006ቱ ማስፋፊያ ምትክ ካርድ አውጥቶለት ነበር። አራተኛው እትም ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። ካርዱን ብታነሳም በነጻ 2 ነጥብ የለም። ግብ ካሟላህ እሱን ታስመዘግባለህ። መካከል ላይ ያለችውን ፕላኔት ሜካቶል ሬክስን ከያዝክ 1 ነጥብ ይጨመርልሃል፤ ካልያዝክ የምስጢር ግብ ትወስዳለህ። ስለዚህ ሰው መካከሏን ለመያዝ መዋጋት አለበት።

ንግዱም እንዲሁ ነው። በአራተኛው እትም የራስህ ሸቀጥ በእጅህ እያለ ምንም አይገዛልህም። ለሌላ ተጫዋች ስትሰጠው ግን በእሱ እጅ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ጠላትህን ሳይቀር ማነጋገር ግድ ይልሃል። ቴክኖሎጂ ለማግኘትም በስም የተጠቀሰ ሌላ ቴክኖሎጂ ይቅደም መባሉ ቀርቶ በቀለም ሆኗል፤ ሁለት አረንጓዴ ቴክኖሎጂ ካለህ ሁለት አረንጓዴ የሚጠይቀውን ማግኘት ትችላለህ። እነዚህ ሁሉ አዲስ ውሳኔዎች ናቸው። ሰው ተቀምጦ ልኩን እንደገና አውጥቷል።

በ2020 የወጣው ፕሮፌሲ ኦፍ ኪንግስ ግን ገበር ነው። 7 አዳዲስ ወገኖች አሉበት፣ ተጫዋቹን ከ6 ወደ 8 ያሳድጋል፣ ግሩም ሥራ ነው። አራተኛው እትም ከሌለህ ግን አትጫወተውም።

አራተኛ ዓይነትም አለ፤ እኔ ስም አላገኘሁለትም እንጂ። በ1979 አቫሎን ሂል የሚባል የጨዋታ አሳታሚ፣ በዚያው ስም በሚታወቀው ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ «ዱን» የተባለ ጨዋታ አሳትሞ ነበር። ከዓመታት በኋላ የትዋይላይት ኢምፔሪየም አሳታሚ እንደገና ሊያወጣው ሲያስብ የስሙን ፈቃድ አላገኘም። ሕጉን አሻሽሎ፣ ታሪኩን ወደ ራሱ ዓለም ለውጦ፣ ሬክስ ብሎ በ2012 አወጣው። በበርኖሱ ልክ በአቡጀዲ እንደተሰፋ ልብስ ማለት ነው። እትም ነው? የልኩ ዝምድና አይካድም፤ ስሙም ጨርቁም ግን ሌላ ነው። እኔ እትም አልለውም። ዱን በስሙ የተመለሰው በ2019 ነው።

ድጋሚ ሕትመትም ቢሆን ጣጣ አለው። ይህን ማተሚያ ቤት ያልሠራ ሰው አይጠረጥረውም። ያው ፋይል፣ ያው ማሽን ሆኖ ቀለሙ በዙር በዙር ይለያል። የበግ ጸጉር ሲለያይ በርኖሱ ጠቆር ፈካ እንደሚለው ማለት ነው። ልብስ ላይ ችግር የለውም። ካርድ ላይ ግን የሁለት ዙር ሕትመት ብታቀላቅል ጀርባውን አይቶ የትኛው ካርድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ካርዶቹን ጀርባው ብርሃን በማያሳልፍ የፕላስቲክ ሽፋን ክተታቸው።

ይህን ሁሉ የምለው እኔም ስለተነካሁ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ «አዲሱን እትም አምጣልኝ» አልኩት። ሻጩም «አዲሱ እትም ይኸው» ብሎ ሸጠለት። ሻንጣው ውስጥ ለልብስ የሚሆነውን ቦታ ትቶ ይዞልኝ መጣ። ስንከፍተው ፕሮፌሲ ኦፍ ኪንግስ ነው። እኛ ያለን ሦስተኛው እትም ነው። የአንዱም ካርድ ከሌላው ጋር አይሄድም። ልጁ ያዘነው ከእኔ ይበልጥ ነበር።

አሁን ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ እትም ቁጥር አልነግረውም። «ይህ ሳጥን ብቻውን ይጫወታል ወይ? ብለህ ጠይቅ» ነው የምለው። ሻጩ «አይ፣ ሌላ ሳጥን ያስፈልጋል» ካለ ገበር ነው። «አዎ» ካለ ደግሞ የሕጉን መጽሐፍ ፎቶ ላክልኝ በለው፤ ኢምፔሪያል ላይ 2 ነጥብ በነጻ የሚል ካለ እኛ ጠባሴ የምንጫወተው ሦስተኛው ነው።